እስክንድርያን በአንድ ቀን፦ ከፋሮስ ማማ የቀረ ነገር አለ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ለሥራ ወደ ካይሮ ስለምሄድ፣ በዚያው በባቡር እስክንድርያ ደርሼ አንድ ቀን ለማሳለፍ አስቤአለሁ። ይሁን እንጂ የከተማዋን ስም ያስጠሩት የፋሮስ የመብራት ማማና ጥንታዊው ቤተ መጻሕፍት ሁለቱም ዛሬ የሉም። ታዲያ ጎብኚ በዓይኑ የሚያየው ምን አለ? ጊዜው አጭር ስለሆነ ከየት ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1፦
ማማው ባይኖርም ድንጋዩ አለ። ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ የነበረው ይህ ሕንፃ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በተለይም በ1303 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በደረሰው፣ ክፉኛ ተጎድቶ ፈርሷል። በዚያን ጊዜ ግብፅን ይገዛ የነበረው የማምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ ከ1477 እስከ 1479 በስሙ የሚጠራውን ምሽግ ያሠራው በዚያው ቦታ ላይ ሲሆን፣ ለግንባታውም የማማውን ፍርስራሽ እንደተጠቀመበት ይነገራል። ስለዚህ ከምሽጉ ይጀምሩ። ፋሮስ ቀድሞ ደሴት ነበረች፤ ከየብስ ጋር ያገናኛት የድንጋይ ድልድይ ግራና ቀኙን ደለል ሞልቶት ዛሬ ሰፈር ሆኗል፤ ወደቡም በዚሁ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ቀርቷል። በስተ ምዕራብ ያለው የጭነት መርከቦች ወደብ ሲሆን፣ የምሥራቁ ግን በአብዛኛው የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ማደሪያ ነው። ከምሽጉ ሥር ማዕበል እንዲሰብሩ በተጣሉት የኮንክሪት ብሎኮች ላይ መንጠቋቸውን ጥለው የሚጠብቁ ሰዎች አይጠፉም። እነርሱ ከሚያጠምዱበት ውኃ በታች ጠላቂ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮችና ስፊንክሶች አግኝተዋል።

መልስ 2፦
በምሽጉ አስፈላጊነት ብስማማም በቅደም ተከተሉ አልስማማም። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ወደ ኮም ኤል ሹቃፋ የመቃብር ዋሻ ይሂዱ። ዋሻው በ1900 የተገኘው አንድ አህያ ጉድጓዱ ውስጥ በመውደቁ ነው ይባላል። ደረጃው ሬሳ በገመድ ይወርድበት የነበረውን ጉድጓድ እየዞረ ይወርዳል፤ ከታች ባለው ዋና መቃብር በር ላይ ደግሞ የግብፁ አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ተቀርጿል። ግብፅ፣ ግሪክና ሮም እንዴት እንደተደባለቁ ከዚያ ምስል የበለጠ የሚያስረዳ ነገር በከተማዋ አላየሁም። በአቅራቢያው 27 ሜትር ያህል የሚረዝም ከቀይ የአስዋን ግራናይት የተጠረበ ዓምድ ቆሟል። የተተከለው ለንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው፤ ክርስቲያኖችን ያሳደደውና የሰማዕታት ዘመን ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ የሚቆጠርለት ያው ንጉሥ ማለት ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጠዋት ዋሻውንና ዓምዱን፣ ከሰዓት በኋላ ምሽጉን አደርጋለሁ። የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያንስ በመካከል ማየት ይቻላል?

መልስ 3፦
ይቻላል፤ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ራምል ጣቢያ አጠገብ ይገኛል። የዛሬው ሕንፃ የሃያኛው መቶ ዓመት ሥራ ስለሆነ ጥንታዊ ግንብ አይጠብቁ፤ ለእኛ ክብደቱ ሌላ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በአራተኛው መቶ ዓመት ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነበር፤ አቡነ ባስልዮስ በ1951 እስኪሾሙ ድረስም የኢትዮጵያ ሊቃነ ጳጳሳት ከዚሁ መንበር ይላኩ ነበር። በ2017 በሆሣዕና ዕለት በደጃፉ ላይ ፍንዳታ ስለደረሰ በር ላይ ለፍተሻ ይዘጋጁ፤ ፓስፖርትዎንም ይያዙ።

ከዚያ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ በ2002 የተከፈተውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት ያገኛሉ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ባይበቃዎት እንኳ የዓለም ፊደላት የተቀረጹበትን የግራናይት ግድግዳ ከውጭ ማየት ይችላሉ። ለውጭ አገር ጎብኚ የመግቢያ ዋጋው ከግብፃውያን ከፍ ስለሚል በጀትዎ ላይ ያስቡበት። ጉዞዎ በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሆነ፣ ዝናብና ነፋስ የሚከላከል ልብስ አይርሱ፤ በዚያ ወቅት ማዕበሉ አንዳንዴ የባሕሩን ዳር መንገድ ሳይቀር ያጥለቀልቃል።