የልጄ የዓይን፣ የልብና የጥርስ ሕመም ምንጩ አንድ ነውን?

ጥያቄ፦ አንዲት እናት፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ስትወለድ ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ነበረባቸው፤ ግራው ዓይኗ ደግሞ ከቀኙ ያንሳል። በሕፃንነቷ ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ በ4 ዓመቷ በላይኞቹ የልቧ ክፍሎች መካከል የነበረው ቀዳዳ አዲስ አበባ ተደፈነላት። በዚያን ጊዜ የነገሩኝ በእርግዝናዬ ወራት ሩቤላ የሚባል ተላላፊ በሽታ ይዞኝ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር፤ እኔ ግን ሽፍታም ሆነ ትኩሳት ስለማላስታውስ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ለዓመታት ራሴን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ዘንድሮ የወተት ጥርሶቿ አልነቀል ቢሉን ወሰድናት፤ ራጁን ያዩት የጥርስ ሐኪም የክራንቻዎቿ ሥር ከልክ በላይ መርዘሙን ነግረውኝ፣ ስለ ዓይኗና ስለ ልቧ ከጠየቁኝ በኋላ «ኦኩሎፋሲዮካርዲዮዴንታል ሲንድረም» (የዓይን፣ የፊት፣ የልብና የጥርስ ሕመም ማለት ነው) የሚል ስም በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። የእኔም የሁለተኛውና የሦስተኛው የእግር ጣቶቼ የተያያዙ ናቸው፤ ሁለት ጊዜም ፅንስ ወርዶብኛል። ይህ ከእርሷ ሕመም ጋር ይገናኝ ይሆን? የጥርስ ማስተካከያ ሽቦስ ብናስገባላት ጉዳት አለው?

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም፣ አዳማ

እህቴ፣ ሐኪሙ ነገሩን በጥንቃቄ አይተውታል። የላይኛው ክራንቻ ሥር በተለምዶ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ሕመም ግን ሥሩ ማደጉን ስለማያቆም፣ የታችኞቹ ክራንቻዎች እስከ መንጋጋ አጥንት ጠርዝ ሊደርሱ ይችላሉ። ይህ በሌላ ሕመም እምብዛም የማይታይ ምልክት ነው፤ በሕፃንነት ስለማይታይም ብዙዎቹ ልጆች ስሙን የሚያገኙት እንደ ልጅዎ ዘግይተው ነው። ረጅም ሥር ያለው ጥርስ በሽቦ ለመግፋት ያስቸግራል፤ ሲነቀልም በጉልበት ከተሳበ ሊሰበር ወይም አጥንቱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ መንጋጋዋን የሚያሳየውን ራጅ ያላየ ሰው ጥርሷን እንዳይነካ አደራ እላለሁ። ቋሚ ጥርሶች ከሥር መኖራቸው ሳይረጋገጥ የወተት ጥርሶቿን ማስነቀልም አይገባም፤ አንዳንዶቹ ቋሚዎች ከነጭራሹ ላይፈጠሩ ይችላሉ። የልቧን ታሪክ የያዘውን ወረቀትም ለጥርስ ሐኪሟ አስቀድመው ያሳዩ።

መልስ፦ የዘረመል ትምህርት መምህር፣ ሐዋሳ

እናታችን፣ የሚወቀሱበት ምንም ነገር የለም። ሩቤላም ሞራንና የልብ ችግርን አንድ ላይ ስለሚያመጣ ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፤ የጥርስን ሥር ግን እንዲህ አያስረዝምም። የዚህ ሕመም መነሻ ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (ከወላጅ የሚወረሱ ዘረመሎችን ከሚይዙት አንዱ) ላይ ያለው ቢኮር የሚባል ዘረመል ሲሆን፣ ግንኙነቱ የታወቀው በ2004 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ነው። ቢኮር ፅንሱ ሲፈጠር ሌሎች ዘረመሎች በጊዜያቸው ዝም እንዲሉ ያደርጋል፤ እርሱ ሲጓደል በአንድ ጊዜ ዓይን፣ ፊት፣ ልብና ጥርስ ይነካሉ። የፊት መርዘምና የአፍንጫ ጫፍ መሰንጠቅ፣ እርስዎ የጠቀሱት የጣቶች መያያዝም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ስላላት፣ የአንዱን ጉድለት ሌላው በተለያየ መጠን ሊያካክሰው ይችላል፤ ስለዚህ ሕመሙ በእናት ላይ ቀልሎ በልጇ ላይ ሊከብድ ይችላል። ወንድ ግን ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ ዘረመሉ የተጓደለበት ወንድ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይተርፍ፣ የእርስዎ ሁለት ፅንሶች በዚህ ምክንያት ወርደው ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ፅንስ በብዙ ሌላ ምክንያትም ይወርዳልና ያለ ምርመራ መደምደም አይቻልም። ሕመሙ በልጅዎ ብቻ እንደ አዲስ የጀመረም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእርስዎም ጥርስ በራጅ፣ ዓይንዎና ልብዎም በሐኪም ይታዩ፤ ከተቻለም የሁለታችሁ ደም ለዘረመል ምርመራ ይሰጥ።

መልስ፦ አንድ አባት፣ አዳማ

የእኔ ልጅ ሕመሟ ሌላ ቢሆንም በሕፃንነቷ ሞራ ወጥቶላታል። ከዓመታት በኋላ የዓይኗ ግፊት ሳናውቀው ጨምሮ ተገኘ፤ አላመማትም፣ አልቀላምም ነበር። እባክዎ ደህና ናት ብለው የዓይን ክትትሏን አያቋርጡ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሽቦውን ቀጠሮ ሰርዣለሁ። የዓይን ግፊቷ ከተለካ ሁለት ዓመት አልፎታልና ሰኞ እወስዳታለሁ፤ የእኔንም ጥርስ በዚያው ሳምንት ራጅ አነሣለሁ። እናቴም እስከ ሠላሳ ዓመቷ የወተት ጥርስ ነበራት፤ እርሷንም ይዣት እሄዳለሁ።