ከማሳጅ በኋላ ውሃ ጠጡ የምንለው ለምንድነው?

እጀ ቀና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሳጅ ነው የምሠራው፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ስልጠና ላይ ደንበኛው ከአልጋ ሲወርድ ውሃ ስጡት፣ ቤቱ ሲገባም በደንብ እንዲጠጣ ንገሩት ተብለን ነው የወጣነው። ምክንያቱ ደግሞ ማሳጅ ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ መርዝ ያስለቅቃል፣ መርዙ ደም ውስጥ ስለሚገባ በውሃ ካልታጠበ በማግስቱ ሰውነት ይቆረጣጥማል የሚል ነው። እኔም ለሁሉም ደንበኛ ይህንኑ ስል ከረምኩ። ሰሞኑን አንዱ ጫማውን እያሰረ "የምን መርዝ ነው ግን? ስም የለውም?" ብሎ ጠየቀኝ። "ቶክሲን ነዋ" አልኩት። "እኮ የትኛው?" ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። እስቲ የምታውቁ፣ ውሃው በእርግጥ ያስፈልጋል? ወይስ ዝም ብለን እየተቀባበልነው ነው?

ሙቅ ፎጣ፦
ምን ያጨቃጭቃል? ውሃ ማንን ገደለ? እኔ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ጠጡ ብዬ የላክኋቸው ደህና ያድራሉ፣ ያልጠጡት ራሴን አመመኝ እያሉ ይደውላሉ። መርዝ የተባለው ላክቲክ አሲድ ነው፣ ጡንቻ ሲለፋ የሚያመነጨው። ጡንቻ ላይ ይቋጠራል፣ እኛ እናፍታታዋለን፣ ውሃው ይዞት ይወጣል። በቃ።

ፊዚዮ በሙያዬ፦
ሙቅ ፎጣ፣ ልምድሽን አከብራለሁ፣ ላክቲክ አሲዱን ግን ተይው። አንደኛ ጡንቻ ላይ ተቋጥሮ የሚቀር ነገር አይደለም። ሰው ሮጦ ወይም ክብደት አንስቶ ሲያበቃ በግምት በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ነበረበት መጠን ይመለሳል፣ ማንም ሳይነካው። ሁለተኛ ቆሻሻም አይደለም። ልብና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል፣ ጉበት ደግሞ መልሶ ስኳር ያደርገዋል። ሽንት ውስጥ የሚገባው ከቁጥር የማይገባ ነው። ካናዳ ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ በ2010 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ ጥናት አለ። ሰዎቹን በእጃቸው ጨብጠው እንዲለፉ ካደረጉ በኋላ ክንዳቸውን እያሹ የደም ፍሰቱን ለኩት። እሽታው ደሙን እየተጫነ ፍሰቱን ቀነሰው እንጂ አልጨመረውም፣ ላክቲክ አሲዱም እንዲያውም ዘግይቶ ወጣ። በ2012 ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የታሸ እግርና ያልታሸ እግር አወዳድረው፣ ከጡንቻው ናሙና ወስደው ሲያዩ በላክቲክ አሲድ በኩል ልዩነት የለም። የተለየው ሌላ ነው፤ የታሸው እግር ላይ የብግነት (ጡንቻ የመቆጣት) ምልክቶች ቀንሰው ተገኙ። ስለዚህ ማሳጅ ይጠቅማል፣ የሚጠቅመው ግን መርዝ አጥቦ አይደለም።

ኩላሊት ደግሞ በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል፣ ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፣ ሌላውን ሰውነት መልሶ ይወስደዋል። ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ብትጨምሪበት ሽንቱ ይቀጥናል እንጂ ተጨማሪ ቆሻሻ ይዞ አይወጣም። በማግስቱ የሚቆረጣጥመው ብዙ ጊዜ ክርን አብዝታችሁ ስለጫናችሁት ነው። እሱን ውሃ አያድነውም፣ እጅ ማለዘብ ነው የሚያድነው።

ሙቅ ፎጣ፦
እሺ ፕሮፌሰር 😄 ታዲያ ሲነሱ የሚያዞራቸውስ? ውሃ ስሰጣቸው እኮ ይሻላቸዋል፣ በዓይኔ የማየውን ልካድ?

የማታ ተረኛ ነርስ፦
አትካጂ፣ የምታይው ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሰውየው አንድ ሰዓት ተኝቶ፣ ተዝናንቶ፣ የደም ግፊቱ ትንሽ ወርዶ ድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ጭንቅላት ለአፍታ ይጎድልበታል። ውሃ ስትሰጭው ምን ያደርጋል? ይቀመጣል። ያሻለው በአብዛኛው መቀመጡ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ያዞረዋል። በጎን አስነስተሽ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ትንሽ ቆይቶ እንዲቆም አድርጊ፣ ለዚህ ውሃም አያስፈልግም።

"ውሃ ማንን ገደለ" ላልሽው ግን እኔ ዝም አልልም። ልቡ የደከመ፣ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው በልክ ነው። ሐኪሙ በቀን ይህን ያህል ብቻ ብሎታል። እናንተ "ዛሬ ሁለት ሊትር ጠጣ" ብላችሁ ስትልኩት ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥረው ነው እኛ ጋ የሚመጣው። ብርጭቆ ማቅረብና ትእዛዝ መስጠት አንድ አይደለም። ሌላው፣ ከኃይለኛ እሽታ በኋላ ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረና ጡንቻው ካበጠ ውሃ ጠጣ ብሎ ማስተኛት የለም፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊት ላይ ሲገባ ነው እንዲያ የሚሆነው። ብዙ አያጋጥምም፣ ግን አለ።

ታሺ ብቻ፦
እኔ ደንበኛ ነኝ፣ ልጠይቅ። ውሃውን ተዉት፣ እኔን ገና መሃል ላይ ሽንቴ ይመጣል። አፍሬ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ ማሳጁ ገደል ገባ ማለት ነው። ይሄ የጤና ነው?

ፊዚዮ በሙያዬ፦
የጤና ነው። ስትተኚ እግርሽ ላይ የነበረው ደም ወደ ደረት ይመለሳል፣ ልብ ይሞላል፣ "ውሃ በዝቷል" የሚል ሆርሞን ይለቃል፣ ኩላሊት ይታዘዛል። ሳትጀምሪ ግቢና ሽኚ፣ መሃል ላይም ከመጣ ንገሪያቸው። ፊኛዋን ጨምድዳ የያዘች ሰው ጀርባዋ አይላላም።

እጀ ቀና፦
ተባረኩ። እንግዲህ ውሃውን ማቅረቤን አልተውም፣ ደስ ይላል፣ አፍም ይደርቃል። መርዙን ግን ከነገ ጀምሮ አላወራም። ሲገቡ በምጠይቃቸው ላይም የልብና የኩላሊትን እጨምራለሁ። ስቲም (የእንፋሎት መታጠቢያ) ገብተው የሚመጡትስ?

የማታ ተረኛ ነርስ፦
እነሱ ይጠጡ። ላብ ወጥቷል፣ የወጣው ይተካ። ጥማቸው እስኪቆርጥ ይበቃል፣ ጠርሙሱን ይዘሽ አትከተያቸው።