የፔጆ 504 መዝገብ፦ «የተገጣጠመበት ቦታ» የሚለው ዓምድ በምን ይሞላ?

ሰብሳቢ፦ ስለ ፔጆ 504 መኪናዎች መዝገብ ለጉባኤው ከምናቀርበው ሐሳብ ያልተቋጨው ሦስተኛው ክፍል፣ የተገጣጠሙበት ቦታ፣ ብቻ ነው። 504 ከ1968 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው) በፈረንሳይ ሶሾ ተሠርቷል፤ የናይጄሪያዋ ካዱና፣ የኬንያዋ ሞምባሳ፣ አርጀንቲና እና አውስትራሊያም ገጣጥመውታል። ረቂቁ «የሻንሲ ቁጥሩ ቦታውን ያሳያል» ይላል። እንዲሁ እናጽድቀው?

የመዝገብ ኃላፊ፦ በዚህ ቃል አልስማማም። ተበታትኖ በሣጥን የሚላክ መኪና የፈረንሳይ ቁጥር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከ1981 ወዲህ በመጣው ባለ 17 ሆሄ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው «ቪ ኤፍ 3» አምራቹ ፔጆ መሆኑን ይነግረናል እንጂ ብሎኑ የት እንደጠበቀ አይነግረንም። ከዚያ በፊት የነበረው ቁጥር ደግሞ አጭር ነው፤ በ17 ሆሄ ሕግ አይነበብም።

የቦዲ ባለሙያ፦ እኔ ከመሪው እጀምራለሁ። ናይጄሪያ በ1972 ወደ ቀኝ መንገድ ተሻግራለች፤ የካዱናው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1975 ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ በቀኝ መሪ የወጣ 504 «የካዱና ነው» ቢባል አንቀበልም፤ ሞምባሳን ወይም አውስትራሊያን እናስብ። ግራ መሪ ከሆነ ደግሞ መሪው ተዛውሮ እንዳይሆን ሞተሩንና ክሩስኮቱን የሚለየውን ላሜራ ከሁለቱም ወገን እንይ። የተደፈነ የመሪ ዘንግ ቀዳዳ፣ የፔዳል ብሎኖች አሮጌ ቀዳዳ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለ ብየዳ ካለ ተዛውሯል ማለት ነው። ምንጣፉ ሳይነሣ የተነሣ ፎቶ ዋጋ የለውም።

የመዝገብ ኃላፊ፦ ይግባ። ሊብሬ ላይ ያለው ዓመትም በራሱ ይጣራ። «1967» ተብሎ የተጻፈ 504 በፈረንጅ አቆጣጠር ሊኖር አይችልም፤ መኪናው ገና አልወጣም ነበር። በእኛ ከሆነ 1974 ወይም 1975 ይሆናል። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን እናድርግ፦ በሊብሬው እንደተጻፈው፣ እና ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተመለሰው። ባለ 17 ሆሄው ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉ የላቲን ፊደላት የሉም፤ ከታዩ ገልባጩ 1ን ወይም 0ን አሳስቷል።

የሞተር ባለሙያ፦ የሞተር ቁጥርን ከማስረጃ እናውጣው። ባለ 1971 ሲሲው ሞተር ፔጆ 505 በሚባለው ሞዴል ላይም ስላለ ሲቀያየር ኖሯል። ለመኪናው ታሪክ ይመዝገብ፣ ለቦታው ግን አይቆጠር።

የቦዲ ባለሙያ፦ መስታወትና መብራትም ያሳስታሉ። መብራት ላይ ያለው «ኢ 2» ዕቃው ፈረንሳይ ውስጥ መጽደቁን ነው የሚያሳየው፤ መኪናው የት እንደተገጣጠመ አይደለም። አገር ውስጥ የሚገጣጥሙ ፋብሪካዎች መጀመሪያ ከአካባቢያቸው የሚገዙት ጎማ፣ ባትሪ፣ መስታወትና የወንበር ልብስ ነው። ስለዚህ በአራቱም በር ላይ አንድ ዓይነት የአገር ውስጥ መስታወት ከተገኘ ይቆጠር፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የተሰበረ የተተካበት ነው።

ሰብሳቢ፦ ቁጥሩን ስናነብስ?

የቦዲ ባለሙያ፦ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ላሜራው ላይ የተመታው ቁጥርና በሪቬት የተያዘው ሳህን ሁለቱም ይነበቡ፤ ካልተስማሙ ላሜራው ይበልጣል፣ ሳህን ይነቀላልና። ጭቃውን በላምባ በራሰ ጨርቅ ብቻ ማንሣት ነው። ብርጭቆ ወረቀትና ግራይንደር ክልክል ይሁኑ፤ ቁጥሩን ካሳሱት ማስረጃው ተመልሶ አይመጣም። ስስ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ መቀባት፣ ከዚያ ባትሪ ከጎን አብርቶ ፎቶ ማንሣት።

በፈረንሳይ ያለች አባል፦ የላሜራው ቁጥር በትክክል ከተነበበ የፔጆን የታሪክ ቅርስ የሚይዘውን ማኅበር ላቬንቱር ፔጆን መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄዎቹን በአንድ ዝርዝር አድርጋችሁ ብትልኩልኝ እኔ አቀርባለሁ። አንድ ነገር ግን ረቂቁ ውስጥ በግልጽ ይግባ፦ የራሊ ታሪክ በዚህ ዓምድ አይጻፍ። ኦቬ አንደርሰን በ1975 የኬንያውን የሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው በባለ አራት በሩ 504 ነው፤ በ1978 ዣን ፒየር ኒኮላ ያሸነፈው ግን በባለ ስድስት ሲሊንደሩ 504 ኩፔ (ባለ ሁለት በሩ) ነው። የሞተር መከላከያ ብረትና ተጨማሪ መብራት ስለተገጠመለት ብቻ ባለ አራት በሩን «የሳፋሪ» ብለን ብንመዘግብ ገዢ እናሳስታለን።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ቃሉ እንዲህ ይሁን፦ «የተገጣጠመበት ቦታ ‹የተረጋገጠ› የሚባለው አንድ ሰነድና ከሰነዱ ጋር የሚስማሙ ሁለት የአካል ማስረጃዎች ሲኖሩ ነው። ሰነድ ከሌለ ‹የሚገመት› ይባላል። ማስረጃዎቹ ከተጋጩ ዓምዱ ባዶ ይቆያል።» ሰነድ ስንል የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም የአምራቹ ማረጋገጫ ነው፤ ሊብሬ ብቻውን አይበቃም።

የመዝገብ ኃላፊ፦ እስማማለሁ። ለእያንዳንዱ መኪና ስድስት ፎቶ ይያያዝ፦ የላሜራው ቁጥር፣ ሳህኑ፣ የመሪው ወገን ላሜራ፣ ተቃራኒው ወገን፣ የመስታወት ምልክቶች፣ ሊብሬው። የባለቤቱ ስምና የታርጋው ቁጥር ከመያያዙ በፊት ይሸፈን።