የጎዳና ውሾችን በካሜራ ማምከን፦ ያዋጣል ወይስ ቅንጦት ነው?

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ጎዳና ሴት ውሾችን ለማምከን ገንዘብ ቢገኝ፣ ላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መሥሪያ መሣሪያ) ይገዛበት ወይስ በተለመደው ቀዶ ጥገና ይሠራበት?

ቡችላ ወዳዱ፦ እኔ ላፓሮስኮፒ ነው የምለው። ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ይበቃል። ሆዷ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ ካሜራ ይገባል፣ የኦቫሪው (የእንቁላል ማመንጫው) ደም ሥር በሙቀት ተዘግቶ ይቆረጣል። ሕመሙ ያንሳል፤ ቶሎ ትነሳለች። መንገድ ላይ የምታድር ውሻን ቁስል ማን ያይላታል?

የመርካቶው፦ ወንድሜ፣ ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ ጋዙ ሁሉ በዶላር ነው። መሀል ላይ መብራት ድርግም ቢልስ? በዚያ ብር ስንት ውሻ ይመክናል!

የእንስሳት ሐኪም፦ ያለ ካሜራም በትንሽ ቀዳዳ ይሠራል። እጁ የለመደ ሐኪም ከእምብርቷ በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍቶ ማህፀኑን በመንጠቆ ስቦ ኦቫሪውን ያወጣል። በጎኗ በኩል የሚከፍቱም አሉ። ያኔ ስፌቱ ሳትያዝም ከሩቅ ይታያል፤ የምታጠባ ከሆነችም ጡቷ አይነካም። ላፓሮስኮፒ ሕመም ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ደም አልቆም ካለ ሆዷን መክፈት ግድ ነው። ደግሞ ከጎዳና የምትመጣው ብዙ ጊዜ እርጉዝ ናት፣ አንዳንዴም ማህፀኗ መግል ይዟል። የተነፋ ማህፀን በዚያች ቀዳዳ አይወጣም።

ቡችላ ወዳዱ፦ ዶክተር፣ ጤነኛዋስ? ኦቫሪው ብቻ ወጥቶ ማህፀኑ ቢቀር በኋላ መግል አይዝባትም?

የእንስሳት ሐኪም፦ ሁለቱም ኦቫሪ ሙሉ በሙሉ ከወጡ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኦቫሪውን ብቻ ማውጣት ከተለመደ ቆይቷል። ቁራጭ ከቀረ ግን ወንድ መፈለጓን አትተውም።

የልጆች እናት፦ ስለ ቀዳዳ ትከራከራላችሁ፤ እኔ የምፈራው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከውሾቹ 70 በመቶው ይከተቡ ይላል። ማምከን ክትባት አይሆንም።

የእንስሳት ሐኪም፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን አንዴ በማደንዘዣ ከተኛች እዚያው ትከተባለች፤ እንደመከነች እንዲታወቅም ጆሮዋ ላይ ምልክት ይደረጋል። ክትባቱ በየጊዜው ይደገማል እንጂ።

ማንነቴ ይቅር፦ መርዝ ርካሽ ነው።

የልጆች እናት፦ መርዙ የተከተበችውንም ይገድላል። ቆሻሻ ክምሩ እስካለ ደግሞ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ይመጣል። ምኑ ነው ርካሹ?

ቡችላ ወዳዱ፦ እሺ፣ የመንገዶቹ ውሾች ያለ ካሜራ ይሠሩ። አንድ ላፓሮስኮፒ ግን ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይቀመጥ፤ ተማሪ ይልመድበት። ባለቤት ያላት ውሻ ስትመጣ እየተከፈለበት ይሠራል።

የመርካቶው፦ ለተማሪ ከሆነ ይሁን። መጀመሪያ ግን ያዥ ፈልጉ። የእኛን ሰፈር ጥቁር ውሻ ከሥጋ ቤቱ ልጅ በቀር የሚጠጋት የለም፤ እሱም አበል ይጠይቃል።