ለፒሲኦኤስና ለኢንሱሊን፦ ባሕር ዳር ላይ ብራችሁን ምን ላይ ታውሉት?

"ፒሲኦኤስ አለብሽ፣ ሰውነትሽም ለኢንሱሊን አልታዘዝ ብሏል ተባልኩ፤ ባሕር ዳር ላይ ከምን ልጀምር?" ላልሽው እህቴ፣ ሁለት ዓመት የሞካከርኩትን ልንገርሽ። ፒሲኦኤስ እንቁላል የሚያመነጨው የኦቫሪና የሆርሞን መዛባት ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን ነው።

ከምርመራው ጀምሪ። እኔ መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ የጾም ስኳር ብቻ አየልኝ። 92 ወጣ፤ "ጤነኛ ነሽ" ተብዬ ተመለስኩ። የእኛ ሰውነት ግን ብዙ ኢንሱሊን እያመነጨ የጠዋቱን ቁጥር ደህና ሊያስመስለው ይችላል። ያ የበዛው ኢንሱሊን ነው ኦቫሪን እየገፋ የወንድ ሆርሞን የሚያስጨምረው። የወር አበባ መዛባቱም፣ አገጭ ላይ የሚወጣው ጸጉርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በኋላ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ጠጥቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 158 ሆነ። ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳር ነው። ስለዚህ የሁለት ሰዓቱን ጠይቂ። ግሉኮሱ የሌላቸው ላብራቶሪዎች ስላሉ ቀድመሽ ደውዪ። ለክትትል ግን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልን እመርጣለሁ፤ የማህጸን ሐኪሙንም የውስጥ ደዌውንም አንድ ግቢ ውስጥ ታገኛለሽ።

ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ የሚረዳው ኪኒን፣ ሜትፎርሚን፣ ርካሹም ውዱም ውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ ነው። ሆዴን ያመሰኝ በባዶ ሆድ መዋጤ ነበር። ሐኪሜ 500 ሚሊግራም ከእራት ጋር አስጀምራኝ ቀስ እያለች ጨመረችልኝ። ያም ካልተስማማሽ ቀስ እያለ የሚለቀቀውን ዓይነት ጠይቂያት። ወደድ ይላል፣ ለሆድ ግን ይቀላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያወርድ ስለሚችል አልፎ አልፎ ይታይልሽ። ደግሞ ቆሞ የነበረው የእንቁላል መውጣት ሊመለስ ስለሚችል፣ ልጅ ካልፈለግሽ መከላከያ ያዢ።

በቴሌግራም የሚሸጠውን "ሆርሞን አስተካካይ" ዱቄት አትግዢ። እኔ ገዝቻለሁ። ዕቃው ላይ ምን እንዳለበት እንኳ አልተጻፈም። በዚያ ብር የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ አደርግበት ነበር።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት ከእንጀራው ነው። እኛ ቤት ጤፉ ከፎገራ ሩዝ ጋር ተቀላቅሎ ነበር የሚጋገረው። ይነጣል፣ ይለሰልሳል። የተፈተገ ሩዝ ግን ገለባው ስለወጣለት ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። ሩዙን እንተወው ስላት እናቴ "እንግዳ ሲመጣ ይሄን ጥቁር እንጀራ ላቀርብ ነው?" ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ። አሁን ለእኔ ቀይ ጤፍ ከዳጉሳ ጋር ለብቻ ታቦካልኛለች። ማለዳ ምጣዱ ላይ ዓይን ሲያወጣ ሳየው ደስ ይለኛል። ከሁለት እንጀራ ወደ አንድ ወርጄ ምስሩንና ጎመኑን አበዛሁ። በፍስክ ደግሞ የጣና ቆሮሶ ዓሣ፣ በዳቦ ሳይሆን በሰላጣ።

ጂም ወርኃዊ ክፍያው ካልከበደሽ ጥሩ ነው፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ይስባል። ካልሆነም በሁለት ጀሪካን ውሃ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። እኔ ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ በሐይቁ ዳር እራመዳለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ደርሼ እመለሳለሁ። የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው።

ቀጠሮሽ ሲደርስ ያለፉትን ስድስት ወራት የወር አበባሽን ቀናት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ። ሐኪሜ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነበር፤ እኔም አላስታወስኩትም።