ገና ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ዜና ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ጋዜጦችና የዜና ገጾች፣ አንድ መድኃኒት ፈቃድ ሳያገኝ ስለሱ ባይጽፉ አይሻልም? ሐሳብ ወዲህ በሉ። ስድብ የለም።

ፋርማሲስቷ፦ ባይጽፉ ይሻላል ባይ ነኝ። በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ኤችአይቪን የሚከላከለው ሌናካፓቪር ዜና የሆነ ሰሞን «የኤድስ ክትባት መጥቷል አሉ፣ እናንተ ጋ አለ?» የሚለኝ ሰው በዛ። ክትባት እኮ አይደለም። ክትባት ሰውነት ራሱ እንዲከላከል ያስተምራል። ይሄ መድኃኒት ነው፤ በ6 ወር አንዴ ይወጋል፣ ካቆሙት መከላከሉም ያበቃል። ውጤቱስ ድንቅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። እውነቱ ራሱ ይሄን ያህል ካስደሰተ ማጋነን ለምን አስፈለገ? አንድ ልጅ ቫይረሱ ላለበት ወንድሙ ሊገዛ መጣ። ያነበበውን ስልኩ ላይ አሳየኝ። ሙከራው ቫይረሱ በሌለባቸው ሰዎች ላይ መደረጉን ከላይ እስከ ታች አይናገርም። ሳስረዳው ዝም ብሎ ወጣ።

ሪፖርተሩ፦ እህቴ፣ ዱላው ሁሉ እኛ ላይ ባያርፍ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። አጥኚዎቹ የ20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎችን 462 ጋዜጣዊ መግለጫዎች ከዋናው ምርምርና ከዜናው ጋር አስተያዩ። እንስሳት ላይ የታየውን ውጤት ለሰው እንደሚሠራ አድርጎ ማጋነን ስለ እንስሳት ምርምር ከወጡት መግለጫዎች 36 በመቶው ላይ ተገኘ። መግለጫው ሲያጋንን ከዜናው 86 በመቶው አጋነነ። መግለጫው ሳያጋንን ግን 10 በመቶው ብቻ። ውሃው የደፈረሰው ከምንጩ ነው።

ከአዳማ፦ እና ኮፒ ፔስት ነው የምታደርጉት ማለት ነዋ! 😄

ሪፖርተሩ፦ አዎ፣ ይደረጋል። በቀን 5 ዜና አምጣ የተባለ ሰው የትኛውን ሐኪም ደውሎ ያግኝ?

ታዛቢ፦ መጋቢት 2012ን ረሳችሁት? ኮሮና ገና በገባበት ወቅት የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር ስለ አንድ የባህል መድኃኒት መግለጫ ሰጠ። ቀጥሎ ወደ እንስሳትና ወደ ሰው ሙከራ ይሸጋገራል ተብሎ ነበር። እኛ ሰፈር የደረሰው ግን «ሐበሻ መድኃኒት አገኘ» ሆኖ ነው። ታዲያ ሚኒስቴር ሲናገር ጋዜጣ ዝም ይበል? አይሆንም። የት ደረጃ ላይ እንዳለ ይናገር እንጂ።

ከዋሽንግተን፦ ደረጃውን መናገርም አይበቃም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1998 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ዶክተር ጁዳ ፎክማን የካንሰር ምርምር የፊት ገጹ ላይ አወጣ። ውጤቱ የአይጥ መሆኑ ተጽፏል። ሰውዬው ራሱ «ካንሰር የያዘህ አይጥ ከሆንክ በደንብ እንንከባከብሃለን» ብሎ ቀልዷል፣ እዚያው ዘገባ ውስጥ። ማን ሰማው! በማግስቱ መድኃኒቱን ያለማ የነበረው ኩባንያ አክሲዮን ከ12 ዶላር ተነስቶ እስከ 85 ተተኮሰ። ፊት ገጽ ላይ መውጣቱ ብቻ በቂ ነበር።

ከአዳማ፦ ስለዚህ ለሐኪሞች እንተወው?

ከዋሽንግተን፦ እሱም አያዛልቅም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር በሐሰት ያያያዘውን የእንግሊዛዊውን ሐኪም የዌክፊልድን ጽሑፍ ያተመው እኮ ትልቁ የሕክምና መጽሔት ላንሴት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998። ጉዱን መቆፈር የጀመረው የሰንዴይ ታይምስ ጋዜጠኛ ብራያን ዲር ነው። ላንሴት ጽሑፉን የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2010።

ፋርማሲስቷ፦ እሺ፣ «ባይጽፉ» ያልኩትን አነሳለሁ። ግን ሰው ላይ ይሁን አይጥ ላይ፣ ለታመመ ይሁን ላልታመመ፣ ርዕሱ ላይ ይግባ። አሥረኛው አንቀጽ ላይ ሳይሆን።

ሪፖርተሩ፦ ርዕስ የሚያወጣው አርታኢው ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ፋርማሲስቷ፦ እንግዲያው አርታኢውን ወደዚህ ግሩፕ አስገባልን።