ስለ ድመቴ ጤና ሲጋራ ለማቆም አስቤያለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ጥያቄ (ከጅማ፣ ኮቺ ሰፈር)

ጤና ይስጥልኝ። ሲጋራ ማጨስ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ በቀን አንድ ፓኮ አጨሳለሁ። እናቴ ስለ ሳንባዬ ስትመክረኝ ሰምቼ እንዳልሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን ከ6 ዓመት በፊት ለአይጥ ብለን ያመጣናት ድመት አሳሰበችኝ። ክረምት ሲገባ የጅማ ዝናብ ስለማያስወጣ በርና መስኮት ዘግቼ ነው የማጨሰው፤ እሷም ጋቢዬ ላይ ተኝታ ታድራለች። ከሰኔ ወዲህ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ደረቅ ሳል ትስላለች። ከእንግዲህ በረንዳ ላይ ባጨስ ይበቃል ወይስ ጨርሶ መተው አለብኝ?

ምላሽ (በእንስሳት ሕክምና የምሠራ ነኝ)

በመጀመሪያ ድመቷን ያስመርምሩ። የገለጹት አሳሳል በአስም ላይ የሚታይ ቢሆንም ሌላ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ አይታወቅም። በረንዳውን በተመለከተ ከቤት ውስጥ ይሻላል፣ ግን አይበቃም። ድመት ጸጉሯን ስትልስ ስለምትውል ከልብስዎ፣ ከእጅዎና ከጋቢዎ ወደ ጸጉሯ የተላለፈውን የጢስ ቅሪት ሁሉ ትውጠዋለች፤ ከውሻ ይልቅ ለድመት የሚያሰጋውም አንዱ ይህ ነው። በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሚጨስበት ቤት የሚኖሩ ድመቶች ሊምፎማ በተባለው ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በማይጨስበት ቤት ካሉት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ በጢስ ውስጥ የኖሩት ደግሞ 3 እጥፍ ያህል። ይህ የእርስዎ ድመት ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። መተርኮሻውንም አይርሱ፤ በቁራጩ ውስጥ የሚቀረው ኒኮቲን ለእንስሳት መርዝ ነው።

ምላሽ (ሲጋራ የተውኩ)

ወንድሜ፣ ለድመት ብሎ ማቆም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እኔ ለገንዘብ ብዬ ነው የተውኩት። ሐራራው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይበረታል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። እኔን ሁለት ጊዜ የመለሰኝ የቅዳሜ ጫት ነበር፤ ምርቃናው ሲመጣ እጅ በራሱ ኪስ ይገባል። ስለዚህ ቢያንስ እስኪረጋጋልህ ድረስ ከጫት ቤት ራቅ በል። በጅማ ቡና ተው የሚል ደፋር እንኳ አልሆንም፤ ሆኖም ቡናህን ሁልጊዜ ከምታጨስበት ወንበር ተነሥተህ ሌላ ቦታ ጠጣ። ከሱቅ በፍሬ መግዛትም አያዋጣም፤ «አንድ ብቻ» የምትለዋ ናት የምትጥልህ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋቢውን ዛሬ በሳሙና ዘፈዘፍኩት፤ ውኃው እንደ ሻይ ቀላ፣ እኔም ደነገጥኩ። መተርኮሻውን ከነቁራጩ ጥያለሁ። ሰኞ ጠዋት ድመቷን ወደ ሐኪም እወስዳታለሁ፤ ነገር ግን ካርቶን ውስጥ ላስገባት ስሞክር እጄን ቧጥጣ አልጋ ሥር ገባች። ሳትቆጣ በባጃጅ እንዴት እንደምትወሰድ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ?